የቆየ ኬሚስት ይሆናል

የኬሚስትሪ ተማሪ በየትም ይገኛል፤ አቃቂ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ውስጥ ያለው ግን ጠባዩ ለየት ስለሚል ለብቻው ቢጻፍለት አይበዛበትም። አርፍዶ አይመጣም። «ታክሲ አጥቼ ነው» አይልም። ከክፍል የሚቀረው ቀጠሮ ኖሮት ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ሲታመም ወይም ሲፈታ ነው፤ በሦስተኛው ምክንያት ሲቀር መምህሩም አይቆጣም። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝም አርባ ስምንትም ሊሆን ይችላል። አንዱ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ መሪ የጨበጠ ሹፌር ነበር፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ሳይጨርስ እዚህ የደረሰ ነው። በሴቶቹ በኩልም ተማሪዋ አለች፤ ስለ እሱ የሚባለው ሁሉ፣ ጺም ከማሳደግ በቀር፣ ለእሷም ይሆናል።

ሰፈሩ፣ ግንቡን ካልቆጠሩት፣ ለትምህርቱ የተመቸ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የብረታ ብረት፣ የምግብ፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ብቻ የትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ ሊናገር ቢወራረድ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አይሸነፍም። የአቃቂ ወንዝም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም እንደሚገኝበት ብዙ ተመራማሪ ለክቶ ጽፏል። ስለዚህ ከግንቡ ውጭ ኬሚስትሪው ሞልቶ ይፈሳል፣ ተማሪ ግን የለውም። ከግንቡ ውስጥ ተማሪ አለ፣ ኬሚስትሪው የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የድሮው እስር ቤት፣ ከርቸሌ፣ ሲዘጋ (ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል) ቃሊቲ የአገሪቱ ስመ ጥር እስር ቤት ሆነ፤ የፖለቲካ ሰውም፣ ጋዜጠኛም፣ ዘፋኝም፣ ከቀማኛና ከጉቦኛ ጋር በአንድ በር ገባ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናትም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገባው ሁሉ ጻፈ ማለት ይቀላል። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ «የነፃነት ጎህ ሲቀድ»ን የጻፈው ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ቃሊቲ ታስሮ ሳለ ነው። አንዱዓለም አራጌ «ያልተሄደበት መንገድ»ን ከእስር ቤት አወጣ። ሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺብዬና ዮሃን ፐርሾን፣ በ2012 ከተፈቱ በኋላ የእስራቸውን ቀን ቆጥረው የመጽሐፋቸው ርእስ አደረጉት፤ 438 ቀን። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ መሐል የኬሚስትሪ መጽሐፍ አለመኖሩ አያስገርምም። ለፖለቲካ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ እስክሪብቶም ባይገኝ ቂም ይበቃል። ኬሚስትሪ ግን ብርጭቆ፣ እሳትና አሲድ ይፈልጋል፤ ሦስቱም የእስር ቤት አስተዳደር የሚወዳቸው ነገሮች አይደሉም።

ስለዚህ ትምህርቱ በጠመኔ ያልቃል። መምህሩ፣ ብዙ ጊዜ ራሱም ታራሚ የሆነ ሰው፣ ሰሌዳው ላይ ብልቃጥ ይስላል፤ ከብልቃጡ ሥር ነበልባል ይስላል፤ በቀስት እያሳየ «አሁን ሰማያዊ ሆነ» ይላል። ጠመኔው ነጭ ነው። ተማሪው «ሰማያዊ ሆነ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ሰምቶ ለቃሊቲ ተማሪ የሚያዝን ሰው፣ ኀዘኑን ቆጥቦ ለውጭውም ቢያካፍል መልካም ነው። ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞን የተከፈለ ነበርና፣ «ዘጠነኛው ዞን ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው» የሚል የእስረኞች ቀልድ ነበር፤ በ2012 የተሰባሰቡት ወጣት ጸሐፊዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቀልድ ነው፣ በ2014 ደግሞ ተይዘው አንዳንዶቹ ቀልዱን ከምንጩ ሰሙት። በዘጠነኛው ዞን ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ኬሚስትሪን የሚያስተምሩት በነጭ ጠመኔ ነው። የላቦራቶሪው ቁልፍ ዳይሬክተሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው።

የተማሪው ዝንባሌ ከዚህ ችግር ይመነጫል። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ዓለሙን ሁሉ ላቦራቶሪ ያደርጋል። ጠያቂ በመጣ ቀን ሌላው ስንቁን ሲያይ እሱ ፔርሙዙን ያያል። ፔርሙዝን የፈለሰፈው ጄምስ ዲዋር የተባለ ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ነው፣ በ1892፣ ለሻይ ሳይሆን እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ጋዝ ለማቆየት። የባለቤትነት መብት ስላላወጣበት የጀርመን ነጋዴዎች ሸጠው ከበሩበት፤ ዲዋር ከስሷል፣ ተረትቷልም። ተማሪው ይህን ታሪክ ሲተርክ ከሳይንሱ ይልቅ የሚሰማለት የፍርድ ቤቱ ክፍል ነው። «ይግባኝ አልጠየቀም?» ይሉታል፣ ከአልጋው ላይኛ ደርብ።

ሁለተኛው ዝንባሌው ሳሙና ነው። ቅባትና አመድ ተገናኝተው ሳሙና እንደሚሆኑ ያወቀ ሰው ልብስ ሲያጥብ ፊቱ ላይ የሊቅነት ምልክት ይነበባል፤ ልብሱ ግን ከሌላው ሰው ልብስ የተለየ አይነጣም። በጽዳት ተራ ቀን ይከበራል፤ በረኪናና የመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ ሊደባልቅ የተነሣን ሰው እጁን የሚይዘው እሱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ሰው የጨረሰው ጋዝ ነው። ኬሚስትሪ ቃሊቲ ውስጥ የሰው ሕይወት ያተረፈችበት ቦታ ካለ፣ ያ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ምስጋናው ግን የለም፤ ያልሞተ ሰው ማን እንዳዳነው አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ራሱ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል የሚባል እምነት ስላለ «ዶክተር» ይሉታል። ቀይና ቢጫ እንክብል በመዳፋቸው ይዘው ይመጣሉ፤ «ይህ ለምንድን ነው?» «አሞክሳሲሊን ነው፣ ለኢንፌክሽን፣ ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም።» «ለጉልበት ይሆናል?» «አይሆንም፣ አባባ።» «እስቲ ልሞክረው።» ዕውቀቱን የሚያከብርለት አለ፣ ምክሩን የሚሰማው የለም፤ በዚህ ረገድ ከእውነተኛ ዶክተር አይለይም። የቀሩት ዝንባሌዎቹ የሁሉም ናቸው፤ ዳማ፣ የሰው ማመልከቻ ማረም፣ ኳስ። በኳስ ብዙውን ጊዜ የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ከ2004 እስከ 2024 ሃያ ዓመት ሙሉ የሊግ ዋንጫ ያላየን ቡድን ሳይከዱ መኖር ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ ወግ አጥባቂነቱ፣ በቀጥታ ይመራል።

ይህ ሰው ወግ አጥባቂ የሆነው በፖለቲካ አይደለም። የፖለቲካ ነገር ሲነሣ ዝም ይላል፤ ዝምታው የሚያዋጣ መሆኑን ከጎረቤቶቹ ፋይል ተምሯል። ወግ አጥባቂነቱ የመጣው ከሒሳብ ነው። በኬሚካላዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ አይጠፋም፣ አይፈጠርም፤ ከቀስቱ በግራ የገባው ሁሉ በቀኝ መገኘት አለበት። ይህን ሕግ በሰሌዳ ላይ የሚያምነው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ቃሊቲ ግን በቀን በቀን ይፈጸማል፣ ስሙም ቆጠራ ነው። ትናንት ያደረው፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ በፍርድ ቤትና በሆስፒታል ያለው፣ ዛሬ ከቆመው ሰው ጋር እኩል ካልሆነ ማንም ወደ አልጋው አይመለስም። አንድ ሰው መጸዳጃ ቤት ዘግይቶ ሒሳቡ አልመጣ ሲል፣ «የቀረ አንድ አተም አለ» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። የሚስቅ ግን ተማሪው ብቻ ነው።

ከዚህ ሕግ የተነሣ ድንገተኛ ለውጥን አይወድም። ሙቀት የሚያወጣ ሪአክሽን በፍጥነት ሲሄድ፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ሊፈነዳ እንደሚችል ተምሯል፤ ስለ አብዮትም ያለው አስተያየት ይኸው ነው። ካታሊስትን ይወዳል፤ ነገሩን አፋጥኖ ራሱ ሳይለወጥ የሚወጣ መሆኑ ያስቀናዋል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ የክፍሉ ሰዎች ተረቱን በእሱ ላይ አጣመው «የቆየ ኬሚስት ይሆናል» ይሉታል።

ስለ አመክሮም የራሱ አስተምህሮ አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 እንደሚለው፣ ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም፣ የዕድሜ ልክ ከሆነም ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ተማሪው ስለ ራዲዮአክቲቭ ቁስ ግማሽ ዕድሜ በተማረበት ሳምንት ይህን ሕግ አብልጦ ያከብረዋል። ዩራኒየም ግማሹ ሲያልቅ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሌላ ያንኑ ያህል ዘመን ይፈልጋል፣ ከዚያም የግማሹ ግማሽ፤ ፍርድ በዚህ ስሌት ቢታሰብ ኖሮ ማንም ጨርሶ አይፈታም ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ከፊዚክስ ይልቅ ክፍልፋይን መምረጣቸውን እንደ ታላቅ ምሕረት ይቆጥረዋል።

በትምህርቱ ውስጥ ደግሞ አክራሪ ነው። በእጁ ያለው መጽሐፍ በልገሳ የመጣ፣ ሽፋኑ የተላጠ ነው፤ የፔሪዮዲክ ቴብሉም 109ኛው ላይ ያበቃል። በ2016 ለ113፣ ለ115፣ ለ117 እና ለ118ኛዎቹ ንጥረ ነገሮች ስም ወጥቶላቸው ሰባተኛው ረድፍ መሙላቱን ሲነግሩት በጥርጣሬ ያዳምጣል። «ማን አያቸው? በሴኮንድ ክፍልፋይ ጠፉ አይደል እንዴ?» ይላል። መከራከሪያው ደካማ አይደለም፤ ችግሩ በዚያው መከራከሪያ ያላያቸውን የቀሩትንም 109 መጣል መቻሉ ነው። እዚህ ላይ ወግ አጥባቂነቱ ከስንፍና ጋር ይጎራበታል። ቫለንሲን እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ የጠየቀ እንደሆነ ፈተናው ይደርስበታል።

በሃይማኖቱ ጽኑ ነው። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ የወተት ፕሮቲንና የሽሮ ፕሮቲን በአሚኖ አሲድ ደረጃ ወንድማማች መሆናቸውን ቢያውቅም ይህን በጾም ቀን አያነሣም። የጠበል ናሙና ወስዶ አልመረመረም፣ አይመረምርምም። ሙስሊሙ ተማሪ ደግሞ ኬሚስትሪ ከእነማን እንደጀመረች ለማስረዳት ጃቢር ኢብን ሐያንን ይጠራል፤ የስምንተኛው መቶ ዘመን ሊቅ፣ በኩፋ ከተማ በቁም እስር ሆኖ ሠራ የሚባልለት። ይህ የቁም እስር ነገር ከቀረው ታሪኩ ሁሉ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ተቀባይነት አግኝቷል። በባህል መድኃኒት ግን ሁለቱ አይለያዩም፤ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴና ፌጦ ያላቸው እናት ከመድኃኒት ቤት ይቀድማሉ።

የጀግኖቹ ዝርዝር በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ዝርዝር ጋር አይገጥምም። ሜንዴሌየቭን ያከብራል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይስተካከል ነበር ስለሚባለው ጺሙ ጭምር፤ ጀግና የሚለው ግን ታስሮ የሠራን ነው። በዚህ መመዘኛ አንደኛ የሚወጣው አንቷን ላቯዚዬ ነው። ላቯዚዬ የኬሚስትሪ አባት ብቻ ሳይሆን ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ የቁስ ጥበቃ ሕግን በሚዛን ያጸናው ያ የሒሳብ መዝገብ የለመደ ጭንቅላት ነው። በኮንትሮባንድ ቀረጥ እንዳይጠፋ ፓሪስን ዙሪያውን በግንብ ማጠርን ካሳሰቡት አንዱም እሱ ነው፤ ግንቡም ተሠራ፣ ሕዝቡም ጠላው። በኅዳር 1793 ከሌሎች ግብር ሰብሳቢዎች ጋር ታሰረ። ግንብ ያስገነባ ሰው በግንብ ውስጥ ሲገባ ማየት ለቃሊቲ አንባቢ ልዩ ጣዕም ያለው ታሪክ ነው፤ ተማሪው ግን አይስቅበትም። ላቯዚዬ እስር ቤት ሆኖ የኬሚስትሪ ጽሑፎቹን ለኅትመት ሲያዘጋጅ ከረመ፤ ግንቦት 8 ቀን 1794 በሃምሳ ዓመቱ በጊዮቲን ተቀላ። ዳኛው ሪፐብሊኩ ሊቃውንት አያስፈልጉትም ብሎ ፈረደ የሚባለው ታሪክ በኋላ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም፤ ተማሪው ይህን ቢነግሩትም ታሪኩን አይተወውም፣ ዳኛ የሚያስወቅስ ነገር በቃሊቲ በቀላሉ አይጣልም። ጽሑፎቹን በ1805 ያሠራጨቻቸው ሚስቱ ማሪ አን ናት። ጠያቂ ማለት እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ኒኮላይ ሞሮዞቭ ነው። ሩሲያዊ አብዮተኛ፣ ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛን የገደለው ማኅበር አባል። ወግ አጥባቂው ተማሪ ስለ ፖለቲካው ይቅር ብሎታል፣ ምክንያቱም ከ1884 እስከ 1905 በሽሊሰልቡርግ ምሽግ ተዘግቶበት የቁስ አወቃቀርና የንጥረ ነገሮች ሥርዓት ላይ መጽሐፍ ጽፏል፤ መጽሐፉ ከተፈታ በኋላ በ1907 ታትሟል።  ከዚያም እስከ 92 ዓመቱ ኖረ። በክፍሉ ውስጥ ከሥራው ሁሉ ይልቅ የሚደነቅለት ይህ የመጨረሻው ነው።

ሦስተኛውን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀልድ የሌለበት ታሪክ ነውና። ፕሪሞ ሌቪ የቶሪኖ ኬሚስት ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1944 የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረው አውሽዊትዝ ገባ። በዚያ ከሰው ተራ ባወጣው ጀርመናዊ ኬሚስት ፊት ቆሞ የቃል ፈተና ተፈተነ፣ አለፈ፣ ላቦራቶሪ መግባቱም በሕይወት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ሆነ። በ1975 ያወጣው መጽሐፍ ሃያ አንዱ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ንጥረ ነገር ስም የተጠሩ ናቸው። ፈተና አስቸገረኝ የሚል ተማሪ በቃሊቲ ካለ ይህ ታሪክ ዝም ያሰኘዋል።

ወግ አጥባቂ ኬሚስት ጠቅሰህ አምጣ የሚል ተከራካሪ ሲመጣ የብሪታንያዋን ማርጋሬት ታቸርን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ኬሚስትሪ ልታጠና ገባች፤ በ1946 የዩኒቨርሲቲው ወግ አጥባቂ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነች፤ ተመርቃም በፕላስቲክና በምግብ ፋብሪካ በኬሚስትነት ሠራች፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆኗ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ። ችግሩ አስተማሪዋ ናት። ዶሮቲ ሆጅኪን፣ በ1964 የኖቤል ተሸላሚ፣ ግራ ዘመም ነበረች፤ ተማሪዋ ግን የአስተማሪዋን ሥዕል ዳውኒንግ ስትሪት አሰቅላለች። ተማሪው ይህን እንደ ድል ያቀርበዋል። አጠገቡ ያሉት አረጋዊ ደግሞ «የልጆች ወተት የቀማች እሷ አይደለችም እንዴ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ1971 የትምህርት ሚኒስትር ሆና ከሰባት ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች ይታደል የነበረውን ነፃ ወተት ያስቀረች እሷ ናት። «የጾም ቀን ይሆናል፣ አባባ» ብሎ ያልፈዋል።

ከአገር ልጅ አክሊሉ ለማን የሚያህልበት የለም። ዶክተር አክሊሉ በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሠሩት ምርምርም በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለወግ አጥባቂ ኬሚስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ አያቶች ባለማወቅ ያደረጉት ሁሉ ለካ ልክ ነበር። እውነቱ ግን ትንሽ ይለያል፤ አጣቢዎቹ ያውቁ የነበረው ልብስ እንደሚነጣ ነው፤ ቀንድ አውጣውን የቆጠረው አክሊሉ ነው። ይህን ልዩነት ተማሪው አይቀበልም፤ መምህሩም በጉዳዩ ላይ አይጫነውም።

የመጨረሻዎቹ አባትና ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የግዕዝ ብራና ሊቅ ነበሩ፤ በ1975 ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች ተኩሰው አቆሰሏቸውና በተሽከርካሪ ወንበር ቀሩ፤ ከዚያ ሚኒሶታ ገብተው የጥንቱን ጽሑፍ ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖሩ። በ1966 አዲስ አበባ የተወለደችው ልጃቸው ሶስና ኃይሌ ደግሞ የቁሶችን ሳይንስ ተማረች፤ በ2001 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ጠጣር አሲድ የተባሉ ጨዎች በነዳጅ ሴል ውስጥ እንደ ኤሌክትሮላይት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አሳየች። ተማሪው ለአባትየው ይቆማል፤ የልጅቱ ሥራ ሲነገረው ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ኤሌክትሮኬሚስትሪ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዕራፎች አንዱ ስለሆነ መምህሩ «ሊመጣ ይችላል» ይለዋል፤ ደብተሩንም ያን ጊዜ ያወጣል።